እማዬ ያላለችው ቃል

ጎንደር፣ ጥር 6 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣

«ውድ» ያልሁህ እጄ ለምዶት ነው። ለጤናህ እንደምን አለህ አልልህም። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ አልልህም፤ ያንን ቃል አንተ ጨርሰኸዋል። ዕድሜ ልኬን አንቱ ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ ማለቴን ደቀ መዛሙርትህ ቢሰሙ ይደንቃቸው ይሆናል። ይድነቃቸው!

የእማዬ መርዶ በተነገረኝ በሦስተኛው ቀን የቤተ ክህነት ጉዳይ አለብኝ ብለህ አዲ አርቃይ ወረድህ። ሸሸህ እንጂ ምን ጉዳይ አለህ? ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ማኪና ነጂው አያ ባዬ ነው። ሐሙስ ይመለሳል፤ መልስህን በእሱ እጅ እጠብቃለሁ።

ስሄድ የሆነውን ታስታውሳለህ? እማዬ «ሜክሲኮ ደሞ የማን አገር ናት?» ብላ ስትጠይቅህ፣ «ጣልያን ሲወረን ወረራውን አልቀበልም ያለች አገር ናት» አልሃት። «እንዲያ ከሆነችማ ዘመድ ናት፤ ሸጋ፣ ትሂድ» አለች። እኔም ስፓኒሽ ቋንቋና የሜክሲኮን ባህል ልማር ጓናሁዋቶ ገባሁ። ከተማዋ እንደ ጎንደር ያረጀች፣ ድንጋይ በድንጋይ የሆነች፣ ዩኒቨርሲቲዋም ደረጃው ጉልበት የሚፈታ ነበር። ያየሁትን ሁሉ እጽፍላት ነበር። ፊደል ስለማታውቅ እኔ የጻፍሁትን አንተ ታነብላታለህ፤ እሷ ያለችውን አንተ ትጽፍልኛለህ። በመካከላችን የነበርህ አንተ ብቻ ነህ፤ ሁለታችንም አምነንህ ነበር።

ነሐሴ 12 ቀን 1957፣ በፍልሰታ ሞተች። መስከረም 5፣ አርባዋ ሳይወጣ፣ ብዕርህን አንሥተህ እንዲህ ብለህ ጻፍህልኝ፦ «ልጄ እንኳየሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አንድ ዓመት ልጨምር ያልሽውን ሰምቻለሁ። ጨምሪ፤ ተምረሽ ጨርሰሽ ነይ።» ያንን ወረቀት ስሜዋለሁ። ፈቀደችልኝ ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ጨፍሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ጨመርህ። በአንደኛውማ «ጉልበቴን ቆርጠም ያደርገኛል» ብለህበታል። የሞተች ሴት ጉልበት እንዴት ይቆረጥማል፣ መሪጌታ?

ያልነገርሁህን ልንገርህ። ሜክሲኮዎች በጥቅምት ሙታናቸውን የሚያስቡበት በዓል አላቸው። በየቤቱ በጠረጴዛ ላይ የሟቹን ፎቶግራፍ ያቆማሉ፤ ዳቦና ውሃ ያቀርባሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ አደይ የሚመስል ቢጫ አበባ ይበትናሉ። ነፍስ በዚያ ቀን ቤቷን ትጎበኛለች ይላሉ። ያከራየችኝ ባልቴት ዶኛ ሮሳሊያ ትባላለች። የእማዬን ፎቶግራፍ እያየሁ ማልቀሴን አይታ የሞተችብኝ መስሏት ኖሮ፣ ከክፍሌ ወስዳ ከባሏ ፎቶግራፍ አጠገብ አቆመችው። ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ እናቴን ሻማ በርቶላት አገኘኋት።

አበድሁ። «እናቴ በሕይወት አለች! ምን አድርጋሽ ገደልሻት?» ብዬ ጮኽሁባት። ሻማውን እፍ ብዬ አጠፋሁት፤ ፎቶግራፉን ነጠቅሁ። አሮጊቷ ተንበርክካ ይቅርታ ለመነችኝ፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኋት። ስለዚያው በዓል ደግሞ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ መምህሬ አመሰገነኝ። በዚያ አገር ለእማዬ ሻማ ያበራላት አንድ ሰው ነበረ፤ ያንኑም ሻማ እኔው አጠፋሁት። ይህን ያሰራኸኝ አንተ ነህ።

አዘዞ ከአውሮፕላን ስወርድ ጎረቤታችን እትዬ አባይነሽ «ደክሞሻል፣ ዛሬ እኛ ዘንድ እደሪ» አለችኝ። ለእማዬ ያመጣሁትን ሻርፕ በጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ «እማዬ ምነው ሳትቀበለኝ ቀረች?» ስላት «ጉልበቷን ነው» አለችኝ። እሷንም ያስጠናሃት አንተ መሆን አለብህ። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ አንተ ከሁሉም ኋላ ቆመህ ነበር። አለቀስሁ። ሌላው ሰው ግን ለቅሶውን ጨርሷል፤ ተዝካሯም ወጥቷል፤ ሴቶቹ ስለኔ ብለው ትንሽ አልቅሰው እንጀራቸውን ሊጋግሩ ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ።

«መርዶ በፖስታ አይላክም፤ በሰው አገር ደረትሽን ማን ይይዝልሽ ነበር?» አልኸኝ። የአገሩ ወግ ነው፣ አውቃለሁ። ዝም ብትል ኖሮ ምንም ባላልሁህ። አንተ ግን ዝም አላልህም፤ በአፏ ተናገርህ። እኔም ዋሽቻታለሁ፤ በጾም ሥጋ እየበላሁ ጾም አልሻርሁም ብዬአታለሁ። በሷ ስም ግን ምንም አልዋሸሁም።

ትናንት ሰባቱን ደብዳቤዎች ዘርግቼ ድምፅዋን ስፈልግ ዋልሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። ተነሥቼ እትዬ አባይነሽ ዘንድ ሄድሁ።

«አንድ ዓመት ልጨምር ብዬ የጻፍሁት ሲደርስ እማዬ ነበረች?» አልኋት።

«ነበረች እንጂ። ሐምሌ ነው፤ ሕመሙ ጠንቶባት ተኝታ ነበር። አያ መሪጌታ አነበበላት።»

«ምን አለች?»

«ምነው ልጄ፣ እኔ ጓዳ ነበርሁ። አንድ ነገር ተናገረች፤ ድምጿ ደክሞ ነበር፣ አልሰማሁትም። እሱ ግን ዓይኑን እየጠረገ ወጣ።»

«ነይ ብላ ይሆን?»

«የሰማው እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ አንተን እጠይቃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ባዶ ወረቀት አኑሬልሃለሁ። እማዬ ያን ቀን ያለችውን ብቻ ጻፍበት። «ትቆይ» ብላ ከሆነ ጻፈው፤ ያን ዓመት ሳልሰርቃት ነው የቆየሁት ብዬ እተኛለሁ። «ልጄን ጥሩልኝ» ብላ ከሆነም ያንኑ ጻፍ፤ መቻሉን ለኔ ተወው። ሦስት ቃል ከሆነ ሦስት ይሁን። ምርቃት አትጨምርላት፤ መመረቅ ታውቅበት ነበር። አላስታውስም ካልህ ባዶውን መልሰው።

«ደኅና ነኝ» የሚል ግን እንዳይኖርበት።

ሐሙስ አራዳ ማኪናው ከሚቆምበት ቆሜ እጠብቃለሁ።

ደኅና ያልሆነችው እኅትህ፣
እንኳየሁ