ቀይ ክር ያሰርኩበት ኩባያ

መስከረም 14
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ቀሚስ አሰፋሁ። የስፌት ማሽኑ እንደ ልማዱ አጉረመረመ፣ እኔም እንደ ልማዴ። ከሰዓት ለባለቤቴ «ክር ልገዛ ነው» ብዬ ወጣሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ክር! በዚህ አያያዜ ከተማውን በሙሉ ልሰፋው ነው።

የምሄደው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ነው። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት በሽታ የያዘን ሰዎች፣ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ታክሲ ነጂው፣ እኔና ሌሎችም፣ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እናወራለን። ነርሷን «ፈገግታ» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ክኒኑን ሰጠችኝና ዛሬም ያንኑ ጠየቀችኝ... «ጋሼ፣ ለባለቤትዎ ነገሯቸው? እሳቸውም መመርመር አለባቸው።»

በቅርቡ እነግራታለሁ አልኩ። እንዴት ብዬ? «ከየት አመጣኸው?» ብትለኝስ? ሐኪሙ ራሱ አላወቀው። ድሮ ጥርሴን የነቀለልኝ ሰውዬ ይሆን? ጥላኝ ብትሄድስ?

መስከረም 18
ኩባያዬን ለየሁ። እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ማንኪያዬም ላይ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዳይጠፋብኝ ነው አልኳቸው።

«እዚህ ቤት ኩባያ የሚሰርቅ ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ተቀየሙኝ።

መስከረም 19
ጉድ ፈላ። አማቴ ሻያቸውን በኔ ኩባያ ቀድተው ፉት ሲሉ ደረስኩ! ዓይናቸው ስለደከመ ቀዩ ደህና ይታያቸዋል አሉ። ዘልዬ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ ጨርቅ አምጥታ የእናቷን ቀሚስ ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ... ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 21
ፈገግታ ጋ እየሮጥኩ ሄጄ አማቴን ገደልኳቸው አልኳት። ታሪኩን ስትሰማ ሳቋ አላስናግር አላት።

«በኩባያ አይተላለፍም ጋሼ። በማንኪያም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። በደም ነው። ምላጭዎንና የጥፍር መቁረጫዎን ብቻ ለይተው ያስቀምጡ።»

ምላጬን! እሱ እኮ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጧል። ኩባያ ስጠብቅ... እቤት እንደገባሁ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ባለቤቴ ስቆልፍ አየችኝ። ይሄም ተጨመረ።

መስከረም 27
ባለቤቴ ክሩ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ሱቅ ውስጥ አልቆ ነበር አልኩ። «ክር ቤት ክር አለቀ?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። እሷ ቀስ ስትል ነው የምፈራት።

አማቴ ከጥጋቸው ሆነው፣ ወንድ ልጅ ኩባያውን ከለየ ልቡንም ለይቷል አሉ። ተረቱን አሁን የፈጠሩት ይመስለኛል። ነገ ግን ከስብሰባው ስመለስ እነግራታለሁ። ቁርጥ ነው።

መስከረም 28


አንድ ወፍራም ደንበኛዬ ኮቱ ጠበበ ብሎ አዘገየኝ። ኮት በራሱ እንደማይጠብ ለማስረዳት ስታገል ሰዓቱ ሄደ። እየሮጥኩ ደርሼ በሩን ከፈትኩ... ባለቤቴ! ክቡ መሐል፣ እኔ የሰፋሁላትን ምርጥ ቀሚሷን ለብሳ! ጡረተኛው አስተማሪ እጇን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ መድኃኒት አለው፣ ይድናል» ይሏታል። ታክሲ ነጂው ብስኩት ያቀርብላታል።

 ይዟታል! ከኔ ነው የያዛት!

«ይቅር በይኝ፣» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ።»

«ምኑን?» አለች።

ለካ ባለፈው ሐሙስ እስከ በሩ ተከትላኝ ኖሯል። ዛሬ ቀድማኝ መጣች፣ ውሽማ ይዟል ብላ ከሴትዬዋ ጋር እጅ ከፍንጅ ልትይዘኝ። ገና ብቅ ስትል ፈገግታ «እንኳን ደህና መጡ፣ አዲስ ነዎት?» አለቻት፣ ሁሉም አጨበጨቡላት። ባለቤቴ ደግሞ ሰው ፊት ከምታፍር ብትሞት ትመርጣለች። «አዎ፣ አዲስ ነኝ» ብላ ቁጭ። ብስኩቷን እየበላች የኔዋ የትኛዋ እንደሆነች ስትመርጥ ቆየች። ፈገግታ ላይ ወስናም ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። እዚያው፣ ሁሉም እየሰሙ።

«ጉበትህ ነው?» አለችኝ። «ጉበትህ ብቻ ነው?»

ከዚያ አለቀሰች፣ ከደስታ። በባሏ በሽታ እንዲህ የተደሰተች ሴት አይቼ አላውቅም። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ሳትነግረኝ ለብቻህ ስትታመም እኔ ምንህ ነኝ ብላ ታክሲ ነጂው እስኪደነግጥ ድረስ አወረደችብኝ። ልክ ናት።  ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ለምርመራ ደም ሰጠች። ውጤቷ ሳምንት ነው። እግዜር ይጠብቃት... ጥፋቱ የኔ ነው።

ጥቅምት 5
ነፃ ናት! ፈገግታን ላቅፋት ስል ባለቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ተውኩት።

ጥቅምት 9
መርፌ ጣቴን ወጋኝ። እንደ ልማዴ ደንግጬ ወደ ጥግ ሸሸሁ። ባለቤቴ የቁስል ፕላስተር ይዛ መጣች። «ጠርገህ ለጥፈውና ና፣ ምሳ ቀርቧል» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 10
ክኒኑ አለቀ። የመጨረሻው ምርመራ ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ሁለታችንም «ክር ልንገዛ» እንሄዳለን። ሻዩን የምታፈላው እሷ ሆናለች። አዲስ ሰው ሲመጣ ከፈገግታ ቀድማ ቦታ ታስይዛለች። ባሎችን ለብቻቸው ጠርታ «ለሚስትህ ነግረሃታል?» ትላለች። ሁለቱ በማግስቱ ተናግረዋል። ከፈገግታ ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

መጋቢት 23
ውጤቱ መጣ። ቫይረሱ የለም። ፈገግታ ደግማ አነበበችልኝ፣ የለም።

እቤት ገባን። አማቴ የኔ ብቻ ቀይ መሆኑ አድልዎ ነው ብለው ኩባያዎቹ ሁሉ ላይ ቀይ ክር ካሳሰሩኝ ቆይተዋል። አሁን የትኛው የኔ እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንዱን አንስቼ ሻይ ቀዳሁ። ገና አንዴ ፉት ስል ባለቤቴ ከእጄ ወሰደችና እስከ ግማሹ ጠጣችው።

«ስኳር አንሶታል» አለች።