የእትዬ ማህተም የሕይወት ታሪክ፣ በቀናተኛ ታናሽ ወንድማቸው እንደ ተጻፈ

አገር ምድሩ እትዬ ማህተም እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እህት፣ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በሰኔ ወር፣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። በስድስተኛው ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ። ይህን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። ስለ እህቱ በአንቱታ፣ ስለ ራሱ ግን እንዲያው በደረቁ የጻፈበትን ምክንያት ለቀስተኛው ታግሦ ቢያዳምጥ ይደርስበታል።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ሰፈራቸው ባለው ትምህርት ቤት ገብተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማዕረግ ጨረሱ። የእጅ ጽሕፈታቸው ከመምህራኖቻቸው ይበልጥ ነበር ይባላል። ወንድምየው እዚያው ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ደብተሩን ገልጠው፣ «የሷ ወንድም ነህ? ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አሉት። ቅናቱ የጀመረው በዚያ ቀን ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የታይፕ ትምህርት አጠናቀው በጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያች ክፍል አልተነቃነቁም። በሃያ አምስት ዓመታቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ዝምተኛና ሳቂታ ሰው ነበሩ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቀደሟቸው። ወንድምየው በእሳቸው እንኳ አልቀናም ነበር። ሰው በስንቱ ይቀናል?

የመዝገብ ቤቱ መስኮት ከማዋለጃው ክፍል ፊት ለፊት ነበር። በማዋለጃው ውስጥ ቧንቧ እንጂ ውሃ አልነበረም፤ አዋላጆቹ ጀሪካን ተሸክመው ግቢውን ሲያቋርጡ እትዬ ማህተም ከካርድ መደርደሪያው ጀርባ ሆነው ዓመታት አዩ። በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው የከተማው ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ክለብ ጸሐፊ ሲፈልግ «እኔ አለሁ» ብለው ገቡ። ክለቡ በወር አንድ ቀን ሆቴል ፎቅ ላይ ተሰብስቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቃለ ጉባኤ ፈርሞ የሚበተን ነበር። እሳቸው ማህተሙን ተረክበው በእጅ ቦርሳቸው ያዙት፤ ስማቸውም ከዚያ ወዲህ ማህተም ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ዓይነት ክለብ በየአገሩ አለ። የዚህ አገር ክለብና የባሕር ማዶ ክለብ ተጣምረው በአንድ ማመልከቻ ላይ ከፈረሙ፣ ሁሉንም የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሥራውን በገንዘብ ይደግፋል። ደንቡ በእያንዳንዱ አባል እጅ ነበር፤ ያነበቡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አንብበውም አልተቀመጡም። በምሳ ሰዓታቸው፣ በጤና ጣቢያው ታይፕ፣ አርባ ደብዳቤ ለአርባ ክለብ ጻፉ። ሠላሳ ዘጠኙ ዝም አሉ። አንዱ መለሰ፤ የፈረመችበት የክለቡ ሊቀመንበር አንዲት የጥርስ ሐኪም ነበረች።

ማዋለጃው ውሃ አገኘ። ከዚያ የእግረኛው ድልድይ፣ ማየት ለተሳናቸው ልጆች የንባብ ክፍል፣ ከዚያም ሌላ ሌላው ተከተለ። በሕይወት ዘመናቸው አሥራ አንድ ሥራዎች አስፈጽመዋል፤ በእያንዳንዱም ግድግዳ ላይ የሁለቱ ክለቦች ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ። ቧንቧ ያለበትን ሁሉ የዘረጋው ወንድምየው ነው። ስሙ በአንዱም ሰሌዳ ላይ የለም።

ሙያው ቧንቧ ነበር፤ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቁም ከፖስታ ቤቱ ጎን ስለ ነበር የክለቡ ፖስታ ሣጥን ቁልፍ ለእሱ ተሰጠው። በየዓርቡ ደብዳቤ ይዞ ወደ እህቱ ቤት ይሄዳል። እትዬ ማህተም ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብለው፣ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ እስከ መጨረሻው ያነባሉ። ፊታቸው ይበራል። ብቻቸውን ይስቃሉ። «ግባ እንጂ» የሚሉት አጥፈው ከጨረሱ በኋላ ነው። ወንድምየው ያንን ፈገግታ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ለእሱ ነበር የሚመስለው። አሁን አይቷት የማያውቃት ጥርስ ነቃይ በፖስታ ስትወስድበት ቆሞ ያያል።

ማዋለጃው ሲመረቅ ሐኪሟ ራሷ መጣች። ያረፈችው በእህቱ ቤት፣ ወንድምየው ታሞ በነበረ ጊዜ በተኛበት አልጋ ላይ ነው። ሪባኑ ሲቆረጥ እሱ አንድ የቧንቧ መዝጊያ አፈትልኮበት በመፍቻ ሲታገል ነበርና በመታሰቢያው ፎቶ ላይ የወጣው ክርኑ ብቻ ነው። እትዬ ማህተም ፎቶውን በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቀሉት። ወንድምየው በገባ በወጣ ቁጥር ክርኑን ያያል።

አርባ አንድ ዓመት ሲሞላቸው የልጃገረዶች ትምህርት ቤቱ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ሥራ ታቀደ። ማመልከቻው ማዶ ተፈርሞ መጥቶ፣ እዚህም ተፈርሞና ማህተም አርፎበት፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ መላክ ነበረበት። ፖስታው የካቲት አጋማሽ ላይ ሣጥኑ ውስጥ ተገኘ። ወንድምየው ወደ ሱቁ ወስዶ ከቧንቧ ማሸጊያው ከቴፍሎን ካርቶን ሥር ከተተው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር ያሰበው፤ እስቲ ባዶ እጄን ልሂድና የምትፈልገኝ እኔን ይሁን ደብዳቤውን ልይ ብሎ ነው። ባዶ እጁን ሄደ። እህቱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ምንም አልመጣም?» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ፖስታውን ከካርቶኑ ሥር ሳያወጣ ተወው። አንዱ ሳምንት ሰባት ሳምንት ሆነ።

ሚያዝያ ላይ ይዞት ሲሄድ «ፖስታ ቤቱ አዘገየው» አላቸው። እሳቸው ፖስታውን ገልብጠው ጀርባውን አዩና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያም ውሃ ልጠጣ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በክለቡ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ «የዘገየው በኔ እጅ ነው፤ ሰው አትውቀሱ» ብለው ከጸሐፊነት ወረዱ። ማህተሙን ከአባላቱ ለአንዱ ፋርማሲስት አስረከቡ፤ ከዚያ ሁሉ ምሳ በላተኛ «መውረዱ ይቅር» ብሎ የለመናቸው አልነበረም። ሴቶቹ ልጆች አንድ ዓመት ሙሉ በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ጀርባ መሄዳቸውን ቀጠሉ፤ ከፊሎቹም በዚያው ከትምህርት ቀሩ። በዓመቱ ፋርማሲስቱ ማህተሙን ሁለቴ ጥሎ ሁለቴ ስላስቀረጸ ለእትዬ ማህተም ተመለሰ፤ ሥራውም ያን ጊዜ ተሠራ። ወንድምየው ቧንቧውን ዘረጋ እንጂ ስለ ካርቶኑ ትንፍሽ አላለም።

ከዚያች ሚያዝያ ወዲህ ግን የሐኪሟ ፖስታ ከሣጥኑ ጠፋ። ቁልፉ በወንድምየው እጅ ቢቀርም የሚገባው ማስታወቂያ ብቻ ሆነ። ወዳጅነቱ ቀዝቅዞ ወረቀቱ በመሥሪያ ቤት በኩል ብቻ ይመላለሳል ብሎ በሆዱ ደስ አለው። ከዚያም በላይ እትዬ ማህተም ራሳቸው በየዓርቡ ከሥራ ሲወጡ ወደ ሱቁ መምጣት ጀመሩ። በቧንቧዎቹ መካከል ዱካ ስበው ይቀመጣሉ፤ ስለ አባታቸው ቀለም የጠጡ ጣቶች፣ ስለ እናታቸው መቀስ ያወራሉ፤ «አንተ ቀጫጫ፣ ምሳህን በላህ?» ይሉታል። ደጃፍ ላይ ያየው ፈገግታ ሱቁ ውስጥ ገባ። ይህ ዓርብ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልታጎለም። ወንድምየውም አሸነፍኩ ብሎ ኖረ።

እትዬ ማህተም ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ላለፉት ስምንት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ ረቡዕ ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸው «ታሪኳን አንተ ጻፍ፣ ጋሼ» ብለው ፋይሎቻቸውን ሰጡት። በልጃገረዶቹ ትምህርት ቤት ፋይል ውስጥ ያች ፖስታ አለች። ጀርባዋ ላይ ፖስታ ቤቱ የደረሰችበትን ቀን መትቶባታል፤ የካቲት ይላል። ቀኑ በእርሳስ ተከቧል። ከሥሯ እትዬ ማህተም ለሐኪሟ የጻፉት ደብዳቤ የካርቦን ግልባጭ አለ፤ ሴት ልጃቸው ተርጉማ አነበበችለት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። «ወንድሜን መልእክተኛ አደረግኩት እንጂ ወንድም አላደረግኩትም። ከእንግዲህ በጤና ጣቢያው አድራሻ ጻፊልኝ። ዓርብን ለእሱ ልሰጠው ነው።»

ትናንት ልጅቷ ለሐኪሟ መርዶውን በስልክ ስትነግር፣ ሐኪሟ ወንድምየውን አገናኚኝ አሉ። አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። በልጅቷ አስተርጓሚነት መጀመሪያ የጠየቁት፣ «የዓርቡ ወንድም አንተ ነህ?» ብለው ነው። እሱም ስለ ካርቶኑ ሁሉንም ነገራቸው። ሐኪሟም፣ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዓርብ ዓርብ ስልክ እንኳ አልደወልኩላትም፤ ቀኑ ያንተ ነበር» አሉት።

ልጆቹ ይህን ክፍል በቀብር ላይ አታንብበው ብለው ለምነውታል። እሱ ግን ያ ጥፋት በሕዝብ ፊት በእህቱ ስም ስለ ተመዘገበ፣ በሕዝብ ፊት ይሰረዛል ብሎ እንዳለ ተወው። ደብዳቤውን ያዘገየው እሱ ነው። ያን ዓመት የተጉላላችሁ ልጃገረዶች ዛሬ እናቶች ሆናችሁ እዚህ ቆማችሁ ከሆነ፣ ይቅርታ የሚጠይቃችሁም እሱ ነው።

እትዬ ማህተም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ ከባሕር ማዶ እህታቸው የሆኑት የጥርስ ሐኪም፣ ከሁሉም በኋላ አንድ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። ዛሬ ከአዋላጁ እስከ ተማሪው «እናታችን» እያለ ሲያለቅስ ወንድምየው አሁንም ቅናት ቆንጠጥ አድርጎታል፤ ውሸት አይናገርም። ቢሆንም ዛሬ ዓርብ ነው፤ ቀኑን ለሁላችሁም ለቋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ውሃ በማይቋረጥበት፣ ደብዳቤም በማይዘገይበት ቤት ያሳርፍልን።