መላውን መንደር አንድ ቤተሰብ ስላደረገው መመዝገቢያ ቅጽዎ

ይድረስ ለክቡር ፓክ ሃርዲያንቶ ዊራሱክማ
የነፃ የሞባይል መተግበሪያ ሥልጠና ዋና ዳይሬክተር
ዮግያካርታ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ የጉኑንግኪዱል ገጠር ወገኖችዎ፣ ዝናብ ካየን አምስተኛ ወራችን ከመሆኑ በቀር፣ ደህና ነን። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ስሆን፣ «ከዜሮ ተነሥተው በስድስት ሳምንት በጃቫስክሪፕት መተግበሪያ ይሠራሉ» የሚለውን ማስታወቂያዎን አምኜ ተምሬ፣ ለመንደራችን የውኃ ቦቴ ተራ የሚያስይዝ መተግበሪያ የሠራሁ ሴት ነኝ። ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. በቪዲዮው ላይ አስተማሪው «ይሄ በጣም ቀላል ነው» ሲሉ ሃያ ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፤ እያንዳንዱ ቀላል ነገር ሦስት ሦስት ቀን ስለፈጀብኝ ትዕግሥት አስተምረውኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ፕሮግራሙን ስጭን ከረምኩ፤ ጭኜ ስጨርስ አዲስ ቅጂ ወጣና የእኔው አሮጌ ተባለ።

2ኛ. «አንድ ፊደል እንዳትነኩ» ብለው ስላደሉን ዝግጁ የመመዝገቢያ ቅጽ እጅ እነሣለሁ። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በእኛ መንደር ሰው ሁሉ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ጎረቤቴ ምባህ ቱኪነም ቱኪነም ናቸው፣ አለቀ፤ «ምባህ» አያት፣ «ፓክ»ም አቶ ማለት እንጂ ስም አለመሆኑን ቅጽዎ ባያውቅ ብዬ ነው። ይህንኑ ጽፌ ብጠይቅ ቢሮዎ «የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው የለም፤ ይቀጥሉ» አለኝ። የቤተሰብ ስሙን ቦታ ባዶ እየተውኩ ቀጠልኩ። ጃቫስክሪፕት ያጣውን ነገር «አንዲፋይንድ» ይለዋል፣ ያልታወቀ እንደማለት፤ ስለዚህ የመንደራችን አርባ አንዱም ቤት የአንዲፋይንድ ዘር ሆኖ ተመዘገበ። ሰዉ መጀመሪያ ወደደው። አናጺው ፓክ ሳርጂማን ስልኩን እያየ፣ «አንቺ ፕራፕቲ፣ ይሄ አንዲፋይንድ የሚሉት ሰውዬ መሬት ትቶልን ይሆን እንዴ?» ብሎ አሳቀን።

3ኛ. ሳቁ ሐሙስ ዕለት አበቃ። ቅጽዎ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ተራ በላይ ስለማይሰጥ ለመላው መንደር አንድ ተራ ቆረጠ። ሾፌሩ አንዱን ቤት ሞልቶ፣ «እኔ ምን ላርግ? የታዘዝኩት አንድ ነው» ብሎ ነዳው። በአሥር ቀን አንዴ የሚመጣ ቦቴ ነው። የተሞላችውም ቤት የእኔ ናት፤ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነበርኩና። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ምባህ ቱኪነም ባዶ ጀሪካን ይዘው ደጄ ቆመው፣ «ልጄ፣ ስሜን ምን አድርገሽው ነው?» አሉኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። የአንድ ቤት ውኃ ለአርባ አንድ ቤት በጣሳ አካፈልኩ፤ አልበቃም። ሰዉም «ፕራፕቲ መጀመሪያ ለራሷ» ማለቱን እስካሁን አልተወም።

4ኛ. የማይነካውን ቅጽዎን ነካሁት። ጥፋቱ ሁለት መስመር ነበር፤ ሰረዝኩት፣ ሁሉም ተራ አገኘ። ለዚህ ድፍረቴ የምስክር ወረቀቴን ስለከለከሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለነገሩ ግድግዳዬም ጠባብ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ከቧንቧው የማይጠፋ ውኃና ጠያቂ የሌለበት ቢሮ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሱፕራፕቲ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሳምንት የማዶውን መንደር ስመዘግብ ወላጅ እናትዎን አገኘኋቸው። ፖኒራህ ይባላሉ፤ ሌላ ስም የላቸውም። የቢሮዎን መልስ ባነብላቸው፣ «ታዲያ እኔን ምን ብሎ ነው የሚጽፈኝ?» ብለው ጠየቁ። ስልክ የላቸውምና እርስዎ ራስዎ መጥተው ይንገሯቸው፤ ሲመጡም ውኃ ይያዙላቸው።