መጀመሪያ መስኮቱ

ለውድ ልጄ፣

በሄድክበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ቤቱ ግን ይከረፋል።

እህትህ ካረፈች ወዲህ ሁለቱን ልጆቿን ይዤ የምውለው እኔ ነኝ። ለልጆቹ ውሎ ብለህ የላክልኝን የሰዓት ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌው ነበር። አንድ ሰዓት ቁርስ ይላል። ትንሹ በነጋ ቁጥር የበላውን አንገቴ ላይ ያስመልሳል። ምንጣፉ ሽንት ሽንት፣ ቀሚሴ የኮመጠጠ ወተት ይሸታል፤ የዳይፐሩ ነገርማ አይወራ። ማክሰኞ ዕለት ተጸየፍኩትና ከላዬ አውርጄ ወለሉ ላይ ተውኩት። የእህትህን ልጅ። እስካሁን ራሴን እጸየፋለሁ።

የአራት ዓመቷ ትልቋ አፍንጫዋን ይዛ ታየኝ ነበር። «አያቴ፣ እማዬ እኮ መጀመሪያ መስኮት ትከፍታለች፣ ከዚያ ታጥበናለች፣ ከዚያ ነው የምንበላው» አለችኝ። ለካ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ መስኮቱን የከፈተው የለም።

ወረቀትህን አነሳሁት፤ አትቀየመኝ። አሁን አለቃዬ እሷ ናት። «ረሳሽ አይደል?» እያለች ትቆጣኛለች። ትንሹም ማስመለሱን ቀንሷል።

የቀረን የቀትር እንቅልፍ ነው። እናታቸው ስታስተኛቸው የምትላቸው ነገር ነበር፤ ትልቋን ስጠይቃት ታለቅሳለች እንጂ አትነግረኝም። በስልክ ሰምተህ ታውቅ እንደሆነ ጻፍልኝ።

ዕድሜህን ያርዝመው፤ አንተን እንኳ ቀባሪዬ ያድርግልኝ።

እናትህ