ሞተሩ ያልተነሳበት ምክንያት

ውድ ጋሼ ወልዴ፣

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ቶሎ ልንገርዎትና ከዚያ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ አይቀየሙኝ። ጀልባችንን ሊገዛ ሰው መጥቶ ነበር። ሕዝቅያስ ይባላል፣ እዚሁ ያደገ የኛ ልጅ፣ ሆስፒታል የሚሠራ፣ ከዳላስ ማዶ ከዋይሊ ከተማ ድረስ ነው የመጣው። እኔ በነጠላ ጫማ ደጃፋችን ድራይቭዌዩ ላይ ቆሜ ጀልባው የተጫነበትን ትሬለር የጎማ አየር ደግሜ ደጋግሜ እለካለሁ። መጣ፣ ፓርክ አደረገ፣ ጀልባውን ዞረው፣ ወደደው። "ኦኬ አንክል፣ ሞተሩን ስታርት አድርግልኝ" አለኝ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ጎማ ገጠምኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ያጓራል እንጂ አይነሳም። ባትሪውን አየሁ፣ ደህና ነው። ቤንዚኑን አየሁ፣ ሙሉ ነው። እንደገና አዞርኩ፣ እንደገና አጓራ። ላብ በላብ ሆንኩ። ጎንበስ ስል ነው ቀይዋ ገመድ ቦታዋ ላይ እንደሌለች ያየሁት።

ያቺ ነጂው እጁ ላይ የሚያስራት፣ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ተነቅላ ሞተሩን የምታጠፋው። እርስዎ "የሞተሩ ማተብ" የሚሏት። "ያለ ማተቡ አይነሳም፣ ክርስቲያን ነው" ይሉ ነበር። እውነትዎን ነው፣ አይነሳም።

ሶ፣ ፈለግኩ። ከወንበሩ ሥር፣ የዓሣ ማስቀመጫው ውስጥ፣ የላይፍ ጃኬቶቹ ኪስ፣ ጋራዥ፣ የመኪናው መሳቢያ፣ መጨረሻ ላይ የባለቤቴ ቦርሳ። አበዛሽ "ደግሞ ገመድ ሌባ ሆንኩልህ?" ብላ ቤቱን አናጋችው። የለችም።

አሁን ጤናዎን ልጠይቅ። ልብዎ እንዴት ነው? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ? በረዶው ላይ ብቻዎን እንዳይወጡ። ያን ስስ ጃኬት ይጣሉት፣ ሚኒያፖሊስ እኮ እንደኛ ቤድፎርድ ሞቃት አይደለም። ደረጃ ላይ እጀታውን ይያዙ። ይኸው ዝርዝር ጀመርክ ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ካልዘረዘርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትምህርቴ ሃይስኩል ላይ ነው የቆመው፣ ይሄንንም እንደማወራው ነው የምጽፈው። ስልክ ብደውልማ ይቀለኝ ነበር። ግን ስልክ ላይ ሁሌ እርስዎ ያሸንፉኛል።

ጀልባውን ሽጠው ያሉኝም በስልክ ነው። ከልብ ኦፕሬሽኑ በኋላ ልጅዎ ፅዮን ልትወስድዎት ስትመጣ ኤርፖርት ያደረስኳችሁ እኔ ነኝ። ሁለታችን ስንት ዓመት የመንገደኛ ማመላለሻ ሻትል የነዳንበት ተርሚናል ላይ እርስዎን እንደ መንገደኛ አወረድኩዎት። ስለ ጀልባው አንድም ቃል አልተነፈስንም። ከዚያ ደወሉ። "ይገዙ፣ ሽጠው። የኔ ግማሽ ያንተ ነው፣ ለልጅህ ለልዩ ኮሌጅ ይሁናት። ሽማግሌ ከእንግዲህ ባሕር ላይ ምን ያደርጋል?" ድርሻዎን ለኔ በስጦታ የሰጡበትን ወረቀትም ፈርመው በፖስታ ላኩት። እኔ ለታላቅ እምቢ ማለት አላውቅበትም። እሺ አልኩ። ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። ለጥፌው ስጨርስ የሰው አደራ ገበያ ያወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ጋሼ፣ ሂሳብ በመክፈል ነገር እርስዎን የሚያህል ተንኮለኛ አላየሁም። ምሳ በልተን ስንጨርስ እጄን ልታጠብ ብለው ይነሳሉ፣ ሲመለሱ ተከፍሏል። አንድ ቀን ላሸንፍዎት ቆርጬ ገና ከበር ስገባ ካርዴን ለአስተናጋጇ ሰጠኋት። "ጋሼ ወልዴ ትናንት መጥተው ከፍለዋል" አለችኝ። ያልበላነውን ምሳ!

የጀልባው ነገር ሲመጣም ያው ነው። ጋልቬስተን ባሕር ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ዓሣ ስናጠምድ ውለን ባዶ ባልዲ ይዘን ስንነሳ፣ "ይገዙ፣ ዳር የሚመጣው ተስፋ የቆረጠ ዓሣ ብቻ ነው። ጀልባ እንግዛ" አሉ። አበዛሽ ስትሰማ ሳቀች። "መዋኘት የማይችል ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል?" አለች። እርስዎ ፈጠን ብለው፣ "አበዛሽዬ፣ ፓይለት ክንፍ አለው እንዴ?" አሏት። እሷን ዝም ያሰኘ ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት።

እኔማ የሚያስፈራኝን ሁሉ ጻፍኩ። መገልበጥ፣ መብረቅ፣ ቤንዚን ማለቅ፣ ሻርክ። ግን እርስዎ የምፅዋ ባሕር ኃይል ነዎት፣ ሶ ልቤን እርስዎ ላይ ጣልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየነዳን ዞርን። የመጀመሪያውን ያስታውሳሉ፣ አልሙኒየሙን? እኔ ርካሽ ነው ብዬ ጓጓሁ፣ እርስዎ ከሥሩ አይተው፣ "ይሄ የሐይቅ ነው፣ የባሕር ሞገድ ላይ ጥርሳችንን ያራግፈዋል" አሉ። ሁለተኛው እንደ ሙሽራ ያማረ ነበር። ገበያ ላይ እንስራ እንደሚገዛ ሰው በጣትዎ እያንኳኩ ሲዞሩት ሞተሩ የሚንጠለጠልበት ጀርባው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠ። "ውስጡ በስብሷል፣ ሞተሩ አንድ ቀን ይዞት ይሄዳል" አሉ። ባለቤቱ ሰማይ ሰማይ አየ። ከዚያ የኛው ጭቅጭቅ። እኔ ጎኑ ከፍ ያለ ይሁን እላለሁ፣ እንዳልወድቅ። እርስዎ ሆዱ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ዓሣው ያለበት፣ ሳር የበቀለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ የሚሄድ ይሁን ይላሉ። ከባሕሩ እስከ ዳላስ ድረስ ተከራከርን። መጨረሻ ያገኘነው ይሄንኑ ነጩን ነው፣ አረንጓዴ መስመር ያለውን። ጎኑ ለኔ ፍርሃት የሚበቃ፣ ሆዱ ለእርስዎ ዓሣ የሚመች።

ልንከፍል ስንቀርብ ሁለታችንም ሙሉውን ይዘን መጥተናል። "እኔ ልሙት አትከፍልም!" "ጋሼ፣ በልዩ ይዤዎታለሁ!" እጅዎን ስይዝ፣ ኪሴን ሲይዙ፣ ጢማሙ ሻጭ የምንደባደብ መስሎት መሃላችን ገባ። ነገሩ ሲገባው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ "ዕድሜ ልኬን ጀልባ ሸጫለሁ፣ ለመክፈል የሚጣላ ሰው ግን አላየሁም" አለና እሱ ራሱ ፈረደ። ግማሽ በግማሽ፣ በሁለታችን ስም። በሂሳብ ጉዳይ ያልተሸነፍኩበት ብቸኛ ቀን ያ ነው።

መግዛቱስ ቀላል ነበር። መያዙ ነው ሥራው። ከባሕር በተመለስን ቁጥር ጨዉን ማጠብ፣ በሞተሩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ማሳለፍ፣ የትሬለሩ ጎማ ኩሽኔታ ላይ ግሪስ ማድረግ። "ጨው እንደ ሐሜት ነው፣ ካላጠቡት ውስጥ ውስጡን ይበላል" እያሉ እጅጌዎን ሰብስበው ሲያጥቡ ጎረቤቶቹ ሁሉ በመስኮት ያዩን ነበር።

ጭቃው ላይ የቀረንበትን ቀን ግን መቼም አልረሳውም። ሳሩ ውስጥ የዓሣ ጅራት አየሁ ብለው ወደ ዳር ነዱ። እኔ ላይፍ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ "ጋሼ፣ አልራቅንም? ጋሼ፣ ውሃው አላነሰም?" እላለሁ። ባሕሩ ቀስ እያለ ሸሸ። ጀልባው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። ሰው የለም፣ ስልክ አይሠራም። "ጋሼ፣ ባሕር ኃይል እንዲህ ሲሆን ምን ነበር የምታደርጉት?" አልኩዎት።

ኮፍያዎን አወለቁ።

"ይገዙ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ እኮ የሙዚቃ ክፍል ነበርኩ።"

"የምን ሙዚቃ?"

"ትራምፔት። መርከብ ላይ የወጣሁት ለበዓል ሰልፍ ብቻ ነው። መርከቡም ወደብ ላይ እንደታሰረ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ማንኳኳት፣ ሞገዱን፣ ጨዉን፣ ማን አስተማርዎት?"

"ዩቲዩብ" አሉ። "አንተ እንደዚያ ስትፈራ፣ ጀልባው ላይ የማይፈራ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር።"

ላይፍ ጃኬቴን እንደገና አጠበቅኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እርስዎም ከንፈርዎን አሹለው በባዶ አፍዎ የሰንደቅ ዓላማ ማውረጃውን ዜማ ነፉት፣ እነዚያ ትልልቅ የባሕር ወፎች እንኳን ዞረው አዩን። "አይዞህ፣ ውሃው ሄደ እንጂ አልተጣላንም። ይመለሳል" አሉኝ። የያዝነውን እንጀራ በዓሣ ወጥ በላን፣ ስለ ልጆቻችን አወራን። ውሃው ተመለሰ። ጀልባው ከሥራችን ቀስ ብሎ ሲነሳ ተሰማኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም ነገር እንዳልዘረዘርኩ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው።

ወደ ሕዝቅያስ ልመለስ። ገመዷ ስትጠፋ እሱ ምንም አልመሰለውም። "ዶንት ወሪ አንክል፣ ኦንላይን አለ፣ ማለቴ፣ ነገ ይመጣል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የትም ይሸጣል። እኔ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ችግሩን ልንገርህ" ብዬ ጀመርኩ። የትሬለሩ ግራ መብራት ሲፈልግ ይበራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። የገባውን ውሃ የምታወጣው ፓምፕ ታንኮራፋለች። መልህቁ ትንሽ ነው። ካልታጠበ ጨው ይበላዋል። ባሕሩ ከዚህ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ወገብ ይጎዳል። ሚስት ያስኮርፋል።

ልዩ በፒጃማዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማኛለች። "አባዬ፣ እየሸጥከው ነው ወይስ እያስፈራራኸው?"

"ኦነስት መሆን ነው፣ እውነቱን መናገር" አልኳት።

"ኖ። ይሄ ኦነስት አይደለም። ልጁን እንዳይገዛ እየለመንከው ነው።"

ሕዝቅያስ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ምናልባት እርስዎ ገመዷን የት እንዳስቀመጧት ያስታውሱ እንደሆነ ብዬ ፅዮንን ኮል አደረግኩ። እጄ ግሪስ ስለነበር ስፒከር ላይ አደረግኩት። እርስዎ ተኝተው ነበር።

"ቀይ? እንደ ድሮ ስልክ ገመድ የተጠመዘዘች? ጫፏ ላይ ፕላስቲክ ያላት?" አለችኝ።

"እሷው ናት!"

"እሷማ እዚህ ናት። አባባ ራስጌው ላይ ከመስቀሉ ጋር ሰቅሏታል። ምንድን ናት ስለው፣ የልብ ናት አለኝ። እኔ ደግሞ ሆስፒታል የሰጡት ነገር መስሎኝ ነርሷን ጠየቅኳት እኮ፤ አላውቃትም አለችኝ።"

ጋሼ፣ አበዛሽ እንኳን ከኩሽና ወጥታ ዝም አለች። ሽጠው ብለው በአፍዎ ያዘዙኝ ሰውዬ፣ ያለሷ ሞተሩ የማይነሳውን ነገር ሻንጣዎ ውስጥ ከትተው ነው የሄዱት።

ሕዝቅያስ ቁልፉን ከጀልባው ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። "አንክል፣ ይሄ ጀልባ እኮ የሚሸጥ አይደለም" አለኝ።

"እኔም አሁን መስማቴ ነው" አልኩት። አበዛሽ ቁርስ ሳይበላ አልለቀቀችውም።

ሶ፣ ውሳኔዬን ልንገርዎት። የለጠፍኩትን አውርጃለሁ። የትሬለሩን መብራት አሠራለሁ፣ ከበድ ያለ መልህቅ እገዛለሁ። ደግሞ አይሳቁብኝ፣ ከሰዓት ሄጄ እዚህ ሰፈራችን ገንዳ ዋና ልማር ተመዝግቤያለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ሕፃናት ናቸው፣ አንዷ "አይዞህ" ብላኛለች። ጀልባው ላይ የማይፈራ አንድ ሰው ያስፈልጋል ብለው የለ? ያን ቦታ እርስዎ ብዙ ጊዜ ያዙት፣ አሁን ተራው የኔ ነው። ፅዮን እንዳለችኝ ሐኪሙ በረዶው ሲያልፍ፣ በጸደይ መጓዝ ይችላሉ ብሏል። ሞተሩን እኔ እነዳለሁ፣ እርስዎ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይዘዙኝ። ባይመችዎት ደግሞ ዳር ዳሩን እንሄዳለን፣ ዓሣው ተስፋ የቆረጠም ቢሆን ችግር የለብኝም።

የስጦታ ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ። ሰው ቤት በልተን ጠግበን ሲጨመርብን እንደምንለው፣ ይቆየኝ። ልክፈልዎት ብል እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ፣ በነፃም አልወስድም። ካልከፈልኩ የእርስዎ ነው፣ የእርስዎ ከሆነ ደግሞ መጥተው ማጠብ አለብዎት። ቀይዋን ገመድ በፖስታ እንዳይልኳት። እጅዎ ላይ አስረው ይምጡ፣ እኔ ተርሚናሉ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናልኝ።

የጀልባዎ ባልደረባ፣
ይገዙ፣ ከቤድፎርድ

ያልተከፈለ ሂሳብ፦ የጀልባው ግማሽ። የጋሼ ወልዴ ነው፣ አልከፍለውም።