መርዶዬ የመጣበት ፖስት ካርድ

ይህን የሚጽፈው እጅ የፈይዛ ነው። የዘይነባ ልጅ ፈይዛ፣ አንተ ጡረታ ወጥተህ በለቀቅከው የፖስታ ቤት መስኮት የተቀመጠችው። እጁ የእሷ ይሁን እንጂ ቃሉ የእኔ ነው፤ ከአፌ ያልወጣ ነገር እንዳትጨምር አስምዬአታለሁ።

ውድ ፋሩቅ፣

ገና ሳንጀምር «ውድ» የምትል ቃል ጨመረች። ምንድን ናት ብላት «ጋሼ አካሉ፣ ደብዳቤ ያለሷ አይጀመርም» አለችኝ። ትቀመጥ። ድሮ ውድ ወዳጄ ነበርክ፤ ለድሮው ትሁን።

ደሴ ተመችቶህ እንደምትኖር እሰማለሁ። እኔ እንደሆንኩ ሞቻለሁ። ከሞትኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የገደልከኝም አንተ ነህ፣ በወረቀት። ሳላውቅ የምቀር መስሎህ ነበር። አወቅሁ።

በጥቅምት መግቢያ፣ በገበያ ቀን፣ በፖስታ ቤቱ በር ሳልፍ ፈይዛ ከመስኮቱ ጠራችኝ።

«ጋሼ አካሉ፣ አንዴ ይምጡ እስቲ።»

«ካርድ መጣልኝ?» አልኳት። አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድም ስላልመጣልኝ ወደ መስኮቱ ፈጠንኩ።

«መጥቷል። ግን ለእርስዎ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለቤተሰብዎ።»

ካርዱን ሰጠችኝ። በውኃ ዳር የተተከለ ቢጫ የፖስታ ሳጥን፣ በላዩ በረዶ የተከመረበት። ቴምብሩን አይቼ አገሩን፣ የፊደሉን አጣጣል አይቼ ላኪዋን አወቅኋት። ሂልካ ናት፣ የፊንላንዷ። በጀልባ ፖስታ ስታደርስ የኖረችው። የእጇ ጽሕፈት ግን ከድሮው ይልቅ ወደ ታች ወድቋል። ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ የሞትኩት እኔ ነኝ።

ፈይዛ እየተንተባተበች በአማርኛ አነበበችልኝ። «የተከበራችሁ የአቶ አካሉ ቤተሰቦች፣ አቶ አካሉ ማረፋቸውን የሚያስረዳው በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ ብዙ ጊዜ ልጽፍላችሁ ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። በየዓመቱ ሻማ አበራላቸዋለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ የሰበሰብኳቸውን ካርዶች ለሰው እያከፋፈልኩ ነው። እሳቸው የላኩልኝን ለልጆቻቸው መመለስ እወዳለሁ። የሚረከበኝ አለ?»

የመስኮቱን ብረት ያዝኩ። «ምን ገደለኝ ትላለች?» አልኳት።

«እሱን አልጻፈችም» አለች ፈይዛ፣ አንገቷን ደፍታ።

ቤት ገብቼ «አስቻለች፣ ሞቻለሁ» አልኳት። ሚስቴን ታውቃታለህ። «ታዲያ ጠዋት ያን ሁሉ ቂጣ የበላው ማን ነው?» አለች። ነገሩን ስነግራት ግን አልሳቀችም። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ እንደ ለቅሶ ቤት። «መርዶ እኮ በውሸት አይነገርም» አለች።

መጀመሪያ ሌላ ሰው ጠረጠርኩ። ማርያምን፣ አንተን ለመጠርጠር ልቤ እምቢ ብሎ ነበር። ግን አድራሻዋን ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? እጄን ታውቅብኛለች ብሎ በኮምፒውተር የሚያስጽፍስ ማን ነው?

ፈይዛ ነገሩ ከየት እንደጀመረ ስለማታውቅ ላንተም ለእሷም ልናገረው። ክረምት መንገዱ ጭቃ ሲውጠውና መኪና ሲቀር ከረጢቱን በበቅሎ ጭኜ ከመካነ ሰላም አቀስታ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። አንዴ ከረጢቱ ዝናብ ጠጥቶ ስንከፍተው አድራሻው የታጠበ ካርድ ወጣ። ሥዕሉ ላይ ጢማም ሰው ውሾች አስጎትቶ በበረዶ ላይ ይሄዳል።

«ይህ ሰው ምን ጭኗል?» አልኩህ።

«ፖስታ ነው አያ አካሉ። እንዳንተው ነው።»

«በውሻ?»

«በውሻ።»

«በቅሎዬ እንዳትሰማ፤ ነገ እምቢ ትለኛለች» አልኩህ። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ካርዱን ባለቤቱ ይመጣ እንደሆን ብለህ ዓመት ሙሉ መስኮቱ ላይ ለጥፈህ አቆየኸው፤ የሚጠይቅ ሲጠፋ ለእኔ ሰጠኸኝ። ያኔ ታማኝ ነበርክ። ይህን አልክድህም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ ሌላ ካርድ አልፈለገም። ቤተ መንግሥትና የባሕር ዳርቻ ለሌላ ይሁን አልኩህ፤ ለእኔ ከረጢት የተሸከመ ሰው፣ የፖስታ ሳጥን፣ ቴምብር ያለበት ብቻ ይምጣልኝ። የሙያ ወንድሞቼን ማየት ነበር የፈለግኩት። አንተ በእንግሊዝኛ ለካርድ ሰብሳቢዎች ጻፍክልኝ። ከደሴ ፎቶ አንሺ አምጥተህ እኔን ከነበቅሎዬ ከነከረጢቴ አስነሳኸኝ፤ ካርድ አድርገህ አሳተምከው። እኔ ሄድኩ፣ እነሱ መጡ። በብስክሌት የሚያድል መጣ። እግሩ ላይ ደብዳቤ የታሰረለት እርግብ መጣ። ጉልበቱ ድረስ ውኃ ገብቶ ከረጢቱን ራሱ ላይ ያደረገ ሰው መጣ፤ እሱን ሳይ ስንቱን ወንዝ አስታወሰኝ።

ፊደል አላውቅም። ግን ቴምብሩ ተነቅሎ እንደገና የተለጠፈ ካርድ ብትሰጠኝ በጣቴ ዳስሼ እነግርህ ነበር። የቴምብሩና የካርዱ ሥዕል አንድ ሆኖ ማኅተሙ በሥዕሉ በኩል የተመታበትን፣ ሰብሳቢ ሁሉ የሚመኘውን ካርድ ከሩቅ እለየዋለሁ። «አያ አካሉ ያለፊደል ያነባል» ብለህ ለሰው የምታወራው አንተው ነበርክ። እውነት መስሎኝ ስኮራ ኖርኩ።

የጀርባውን ጽሕፈት ደግሞ አንተ ታነብልኛለህ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ቆሎዬን እየቆረጠምክ፣ «ሂልካ እንዲህ ትልሃለች» ስትለኝ አሥራ አንድ ዓመት ሞላን። የምትለኝን ሁሉ ሰማሁ። የሰማሁትን ሁሉ አመንኩ።

ያ የመርዶ ካርድ ከመጣ በኋላ የቆርቆሮ ሳጥኔን አውጥቼ የሂልካን ካርዶች በሙሉ ፈይዛ ፊት ዘረገፍኩ። «ጀርባውን አንብቢልኝ» አልኳት። ሁለት እሑድ ፈጀብን።

ያቺን ጀልባ ያለባትን ካርድ ታስታውሳለህ? ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በደረቅ መሬት የተገለበጠችበትን። ስትሰጠኝ ፊደሉን አይቼ «ምነው እጇ ተንቀጥቅጧል?» አልኩህ። «ብርድ ነው» አልከኝ። «ሥዕሉስ ለምን ጨለመ?» አልኩህ። «ዘንድሮ በረዶው በዝቷል ትላለች» አልከኝ።

ፋሩቅ፣ ባሏ ሞቶ ነበር።

«ትናንት ባሌን ቀበርኩት። ይህ ጀልባው ነው። የፖስታ ሰው መርዶ ሲያደርስ ምን እንደሚሰማው አንተ ስለምታውቅ ለአንተ ጻፍኩ» ብላለች። ለእኔ። ከሰው ሁሉ መርጣ ለእኔ። እኔ ደግሞ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ስለ በረዶ ሳስብ ዋልኩ። እኔ አካሉ ለቅሶ ያልደረስኩበት ቤት በዚህ አገር የለም። እስላም ክርስቲያን ሳልል፣ ወንዝ ሞልቶ እንኳ ዞሬ እደርሳለሁ። የአባትህ ቀን ከአቀስታ በእግሬ ገስግሼ ከቀብር የደረስኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ለቅሶ ያልደረስኩ ሰው አደረግከኝ። ይህ ከገደልከኝ ይብሳል።

ለምን እንደደበቅከኝም ሌሎቹ ካርዶች ነገሩኝ። «ትምህርት ቤት ያስተማርክባቸውን ዓመታት የጻፍክልኝ ደስ አለኝ» ትላለች በአንዱ። «የላክልኝን ግጥም ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው» ትላለች በሌላው። በሦስተኛው የማነበውን መጽሐፍ ስም ትጠይቀኛለች። ፈይዛ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ አስተማሪ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? በቅሎ ነው ያስተማርኩት።

ገባኝ። በእኔ ስም ሌላ አካሉ ሠራህ። የተማረ፣ መጽሐፍ ያገላበጠ፣ ግጥም የሚጽፍ። እኔ ከነጭቃዬ አሳፈርኩህ። ባሏ ሞቶ እንደጻፈችልኝ ብትነግረኝ ደግሞ እኔ በራሴ ቃል «ጻፍልኝ» እልህ ነበር፤ የእኔ ቃል አንተ ከሠራኸው ገጣሚ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አስቀረኸው።

የመጨረሻው ካርድ አንተ ከመሄድህ በፊት የመጣው ነው። «አዲስ የፖስታ ሳጥን አቁመዋል» ብለህ ያነበብክልኝ። «ከልጄ ጋር በሚያዝያ መካነ ሰላም እመጣለሁ፤ አንተንና በቅሎህን ማየት እፈልጋለሁ» ነው የሚለው። ያኔ ጨነቀህ። ብትመጣ ፊደል የማይቆጥር ሽማግሌ ልታገኝ ነው። ግጥሙን በልልኝ ብትለኝ አፌን ከፍቼ ላያት ነው። እውነቱን ከመናገር መግደል ቀለለህ። ገድለኸኝ ጓዝህን ጫንክ። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣህን የተሸከምኩልህ ሟቹ ነኝ። «ካርዴ ሳይመጣ ቢቀርስ?» ብልህ «አብሽር አያ አካሉ፣ ፈረንጅ ካርድ መላክ ትቷል፤ ሁሉም በስልክ ሆኗል» ብለህ ትከሻዬን ሳምከኝ። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት በመንገዱ አመካኘሁ። መንገዱ ሲከፈት በዓለም አመካኘሁ። በአንተ ግን አንድ ቀን አላመካኘሁም።

ፈይዛ ብዕሩን አቁማ «ምናልባት እርስዎን ከፍ ማድረጋቸው ይሆናል፤ ወደው አይሆንም» ትለኛለች። ጻፊው አልኳት፣ ሲያነበው ይፈር። እኔ ከፍ አድርገኝ አላልኩህም። በበቅሎ ላይ ሆኜ ከማንም ከፍ ያልኩ ነበርኩ።

የራሴንም ጥፋት ልናገር፣ አልደብቅም። አንዴ ሥራ በቀዘቀዘበት ወር «ና ፊደል ላስቆጥርህ» ብለኸኝ ነበር። ደብተርም አምጥተህ ነበር። «ሽበታም ሀ ሁ ሲል ገበያው ይሥቅብኛል» ብዬ ገፋሁህ። ኩራት ነው። ያን ቀን እሺ ብዬ ቢሆን የባሏን ሞት ራሴ አነበው ነበር። ይህ በእኔ ነው። የቀረው በሙሉ በአንተ ነው።

አስቻለች «ደውልለትና ስደበው፣ ይውጣልህ» ትላለች። በስልክ ወላሂ ብለህ ትምልልኛለህ፣ እኔም እንደ ልማዴ አምንሃለሁ። ወረቀት ይሻላል።

አሁን የምፈልገውን ስማ። ፈይዛ «እኔ ልጻፍላት፤ አሉ፣ ደህና ናቸው ልበላት» ብላ ነበር። ወረቀቱን አውጥታ ጀምራም ነበር። ከዚያ ቆመች። «ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ የእርስዎ እጅ ብላ የምታውቀው የጋሼ ፋሩቅን ነው። የማታውቀው እጅ ‹አልሞትኩም› ብሎ ቢጽፍላት አጭበርባሪ ነው አትልም?» አለችኝ። ፎቶዬን እንላክ ብንል ድሮ የተነሳው ነው ትላለች። አየህ የሠራኸውን? ለዚያች ሴት በሕይወት የምኖረው በአንተ እጅ ጽሕፈት ነው። ሌላ ማንም ሊያስነሳኝ አይችልም። የገደለኝን ሰው ከመቃብር አውጣኝ ልለው ሆነ። ይህን ስል አፌ ምን ያህል እንደመረረው ፈይዛ ታይ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካርድ አለ። እኔና በቅሎዬ ያለንበት፣ ከቀሩኝ የመጨረሻው ነው። አድራሻዋን ፈይዛ ጽፋበታለች፤ ቴምብሩን እኔ ራሴ ለጥፌዋለሁ። ከግርጌው አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ፣ አንተ ፊት ደመወዝ ስቀበል የማትመውን። ከጣቴ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አንተ ትሞላለህ፣ በራስህ እጅ።

መጀመሪያ ሕያው መሆኔን አይደለም የምትጽፈው። መጀመሪያ ለቅሶዋን ድረስልኝ። «የባልሽን ሞት የሰማሁት ዘንድሮ ነው። ሰምቼ የቀረሁ እንዳይመስልሽ። እግዜር ነፍሱን ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ» በላት። ቃሉን አታስጊጠው። ከዚያ በኋላ አካሉ አለ በላት። ከዚያ ፊደል አያውቅም በላት። አስተማሪውም፣ ግጥሙም፣ መጽሐፉም የእኔ የፋሩቅ ነበር በል፤ ስምህን ጻፍ። የሞቱን ደብዳቤም ማን እንዳስጻፈው በል። ቦታው ጠባብ ነው፤ እውነት ስለሆነ ይበቃል።

ይህን አንብባ ባዶ አካሉን ካልፈለገችው መብቷ ነው። ካርዶቼን ለማንም ትስጥ። ሌላ ሰው መስያት ከምትወደኝ እኔን ራሴን ትቀየመኝ።

ካልጻፍክላት ግን እዚያ እንደሞትኩ እቀራለሁ። እዚህ በሕይወት አለሁ። አንተ ከሁለቱ መሀል ደሴ ተቀምጠህ ትኖራለህ፤ ከቻልክበት።

ይቅርታ ብለህ መልስ እንዳትጽፍልኝ። በደብዳቤ የሚባለውን አሁን አውቄዋለሁ። ይቅርታ ያለው ሰው መኪና ተሳፍሮ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በሬ ላይ ይቆማል። ብትመጣ እከፍትልሃለሁ ብዬ ቃል አልገባም። መኖሬን ግን ታያለህ።

ፖስተኛው አካሉ ነኝ። አውራ ጣቴን እዚህም አትሜአለሁ።

በይ ፈይዛ፣ ጨርሻለሁ። ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፣ የከፋውን ሳትዘልዪ። ስትጨርሺ ወረቀቱን ለጎረቤቴ ለመምህር ወርቅዬ አሳልፈሽ ስጪው፤ እሱም ያንብብልኝ። ቅር አይበልሽ ልጄ። ካንድ ሰው አፍ ብቻ መስማት ትቻለሁ።