ክዳኑ እስኪዘል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 1፡00
ትናንት ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ አዲስ ቦሎቄ ገዛሁ። ቀይ፣ ፍሬው ትልልቅ። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ አድሯል። ረዳቴ ኛማል ከሰል እያያያዘች ነው። እሳቱ ይቀነስ፣ እንዳይፈላ አልኳት። ከፈላ ቆዳው ይተረተራል፤ በያይነቱ ላይ የፈራረሰ ቦሎቄ አልወድም። ጋምቤላ ያሉት እናቷ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍተው ክዳኑ እስኪዘል ይቀቅሉት ነበር አለች። ሳቅኩባት። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ አልኳት። ደብተሬ፣ እዚህ ቡሉክ ሰፈር እንደኛ ምግብ ቤት የጾም ምግብ የሚያምርበት የለም።

ረቡዕ፣ 17። ቀን 10፡00
ጉድ ነው። ትናንት ምሳ የበሉ አራት ሰዎች ሲያስመልሳቸው አመሹ። ደንበኛችን ሹፌሩ አቶ ጌቱ ዛሬም አልጋ ላይ ናቸው። ኛማልን ደንበኞች ፊት ጠርቼ፣ በቆሻሻ እጅሽ ሰው ልትጨርሺ ነው አልኳት። ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠች። እስክጠራሽ እንዳትመጪ አልኳት። ለምን አላለቀሰችም?

ሐሙስ፣ 18። ከአልጋ
ቦሎቄውን ራሴ ሠራሁ። እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጥቤ፣ ያንኑ ቀስ ያለ እሳት። አንድ ጭልፋ በላሁ። 8 ሰዓት ላይ ማስመለስ ጀመረኝ።
ባልዲ ታቅፌ ትዝ አለኝ። ሌክቲን! ያልበሰለ ቦሎቄ ውስጥ ያለ፣ ስኳር የተሸከመ ፕሮቲን። አራት ክፍል ተያይዞ፣ አስፓራጂን የሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ የስኳር ሰንሰለት፤ ማኖዝ ምናምን። አንጀት ላይ ያለውን ስኳር ያዝ አድርጎ ይጣበቅና ያስመልሳል። በደንብ ሲንተከተክ ቅርጹ ይፈርሳል። ለስ ባለ እሳት ግን ቀኑን ሙሉ ቢጣድ ንቅንቅ አይልም። 3ኛ ዓመት እያለሁ ሰሌዳ ላይ ስዬው ተጨብጭቦልኛል። የኛማል እናት ስሙን አያውቁትም፤ ልጆቻቸውን ግን አላሳመሙም። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ዓርብ፣ 19። ቀን 11፡00
በቦዳቦዳ ሞተር ማንጋቴን ሰፈር፣ ኛማል ቤት ሄድኩ። ኛማል ልብስ ታሰጣለች። ወንበር አወጣችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። መታመሜን ከፊቴ አይታ አዘነችልኝ፤ ያ ነው የባሰብኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት። የመጨረሻዋን ልብስ አሰጣች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣
«እትዬ፣ እዚህ ማን ሰማዎት? የሰደቡኝ እዚያ ነው።»
እውነቷን ነው።
ነገ 6 ሰዓት፣ ቤቱ ሲሞላ ቆሜ እናገራለሁ። አቶ ጌቱ ተሽሏቸዋል፣ እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። ኛማል እንደ እንግዳ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ሽርጡን ማንሳትና አለማንሳት የእሷ ነው። ቦሎቄውን እኔ እቀቅላለሁ። ክዳኑ እስኪዘል። ቆዳው እንደፈለገ ይተርተር።